አቶ እሺ የጠብ ቀን ሲመርጥ

ታላቅየው ወሬውን የተናገረው ካውያውን ከሱሪው ላይ ሳያነሳ ነው።

«ሱቁን ልለቀው ነው» አለ። «የጎናችን ሞባይል ሻጭ ይውሰደው። ግድግዳውን አፍርሶ ከራሱ ጋር አንድ ያደርገዋል። የወሩ መጀመሪያ ላይ እንፈራረማለን።»

ታናሽየው ከኋላ፣ ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ሳይል «እሺ ጋሼ» አለ።

መርገጡንም ቀጠለ። የተባለው ነገር የገባው የያዘውን የሱሪ እግር ሰፍቶ ጫፉ ላይ ሲደርስ ነው። ያን ጊዜ እግሩ መርገጫው ላይ ደርቆ ቀረ። ቀና ብሎ ቢያይ ታላቁ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ሌላ ሱሪ እየተኮሰ ነው፤ ነገሩ አልቋል።

ሰፈሩ በሙሉ ታናሽየውን «አቶ እሺ» ነው የሚለው። የሰፈር ሰው ስም ሲያወጣ ብዙ አይሳሳትም። ለነገ ሱሪ አድርስልኝ ያለውን ሁሉ እሺ ይላል፤ ያደረሰለትን ሱሪ አጠረብኝ ያለውንም እሺ ይላል። አንድ ጊዜ የማያውቀው ሰው መንገድ ላይ በሌላ ሰው ስም ጠርቶ «ባለፈው አስቀየምከኝ» ቢለው፣ እሺ፣ ይቅርታ ብሎት አልፏል። ለታላቁ ሲሆን ደግሞ እሺታው የሚወጣው ጥያቄው ሳያልቅ ነው። ግን ለመፍረድ አይቸኮልም። አባታቸው ሲሞት እሱ ገና የወተት ጥርሱን እየነቀለ ነበር። ታላቁ ትምህርቱን ጥሎ የአባታቸውን መቀስ አነሳ፤ አሳደገው፣ መርፌ አያያዝ አስተማረው፣ ዳረው። እንዲህ ባለ ሰው ፊት አፍ መክፈት ቀላል ነው የሚል ካለ ታላቅ ወንድም የለውም ማለት ነው።

ቤት ገብቶ ለሚስቱ ሲነግራት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

«አንተ ምን አልከው?»

«እሺ አልኩት።»

ቢላዋው ቆመ። «እሺ አልከው።»

«አመለጠኝ።»

«ሱቁ ሲዘጋ የት ልትሠራ ነው?»

«እንጃ።»

«ሞባይል መስፋት ትችላለህ?»

«አልችልም።»

«ጎሽ» አለችና መክተፏን ቀጠለች። የእሷ ጎሽ ከሌላ ሰው ስድብ ይከብዳል። ጥቂት ቆይታ፣ በሽንኩርቱ ይሁን በባሏ ሳይታወቅ ዓይኗ እያነባ፣ «አንዴ ብቻ አይሆንም በለው» አለችው። «ከዚያ በኋላ እስክትሞት እሺ በለው፤ ምንም አልናገርህም።»

«እሺ» አላት።

አይሆንም ማለት እንዳለበት እሱም ያውቃል። ሌላ ሙያ የለውም። በዚህ ዕድሜው የሰው ቤት ገብቶ ከልጆች ጋር ቁልፍ ሲተክል ሊውል ነው። የማያውቀው እንዴት እና መቼ እንደሚባል ነበር። ተጣልቶ አያውቅማ።

ወንድማማቾቹ የአንገቱን፣ የኪሱንና የእጅጌውን ቅርጽ የሚያወጡት ከአሮጌ ወረቀት ነው። አሮጌ ወረቀት ሻጩ በኬሻ ያመጣላቸዋል፤ የፈተና ወረቀቱም፣ ጋዜጣውም፣ የቀን መቁጠሪያውም እዚያው ነው። በዚያ ሳምንት ከኬሻው ውስጥ ፊትና ኋላው የተገነጠለ መጽሐፍ ወጣ። ርዕስ የለውም፣ የደራሲ ስም የለውም። በጥንት ዘመን የነበረ አንድ የቻይና ጦር አዛዥ ስለ ውጊያ ያሰበውን ነው የሚናገረው። አቶ እሺ የእጅጌ ቅርጽ ሊቆርጥበት መቀስ አንስቶ ሁለት መስመር አነበበ፤ ከዚያ መቀሱን አስቀመጠ።

ደስ ያሰኘው ነገር ይህ ነው። ሰውዬው የጦር አዛዥ ይሁን እንጂ ለጦርነት የሚቸኩል ዓይነት አይደለም። ቀኑ ካልሆነ አይወጣም፣ ቦታው ካልተመቸው አይሰለፍም፣ እንደማያሸንፍ ካወቀ ሠራዊቱን ይዞ ቤቱ ይገባል፤ ማንም ፈሪ አይለውም። አቶ እሺ ዕድሜውን ሙሉ ከጠብ የሸሸው በፍርሃት ይመስለው ነበር። ለካ ስልት ኖሯል።

መጽሐፉን ከመኪናው ሥር ደበቀው፤ በምሳ ሰዓት ያወጣና ያነባል። የሚያሳዝነው፣ ታላቁ ቀድሞ አግኝቶት ኖሮ ጥቂት ገጾች ቅርጽ ወጥቶባቸዋል። ስለ ወንዝ መሻገር የሚያወራው ምዕራፍ መሃሉ ላይ የኮሌታ ቅርጽ ያለው ቀዳዳ አለበት። ስለ ማፈግፈግ የሚናገረው ደግሞ የኪስ ክዳን ሆኗል። ቢሆንም የቀረው ለአንድ ልብስ ሰፊ ጠብ ይበቃል።

አዛዡ ጠላት በተመቸው መሬት ላይ አትግጠሙት ባይ ነው። ሱቁ የማን መሬት እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ጠረጴዛው የታላቁ፣ መቀሱ የታላቁ፣ በሩ ላይ የተጻፈው ስም የታላቁ። ስለዚህ አቶ እሺ እሑድ ምሳ ጋበዘው። ታላቁ ብርቱካን በከረጢት ይዞ መጣ። ልጆቹ አንገቱ ላይ ተንጠለጠሉ። ምሳ በላ፣ «እጅሽ ይባረክ» አለ፣ ሊሄድ ሲነሳ የላላውን የበር ማጠፊያ አይቶ በራሱ ቢላዋ አጠበቀላቸው። ብርቱካን ያመጣና በር ያጠበቀ እንግዳ በምን አፍ ይጣሏል? አቶ እሺ እስከ መንገዱ ሸኝቶት ተመለሰ።

«እሺ፣ ምን አልከው?» አለች ሚስቱ።

«የቦታው አመራረጥ ልክ አልነበረም።»

«የማን ቦታ?»

«የኛ።»

«ጎሽ» አለች።

ሁለተኛው ምክር ባላጋራህን ሲደክመው ጠብቀው የሚል ነበር። ይህ ደግሞ በእውነቱ ቀላል ነው፤ ታላቁ ሱቅ ሲዘጋ ይደክመዋል። አቶ እሺ ሳምንቱን ሙሉ ንግግሩን አዘጋጀ። «ጋሼ፣ እኔ እዚህ ሱቅ ውስጥ ድርሻ አለኝ» ብሎ ነው የሚጀምረው። መዝጊያው ሰዓት ደረሰ። ታላቁ ጫማውን አወለቀ፣ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ፣ ሁለት ዓይኑን በመዳፉ አሸት አሸት አድርጎ «ደከመኝ ወንድሜ» አለ። እንዲህ ሲለው አቶ እሺ ያዘጋጀውን ንግግር ውጦ ውሃ ቀዳለት። ይህን መጽሐፉ አያነሳም። አዛዡ ወንድም አልነበረው ይሆናል፤ ወይም ያ ገጽ ኪስ ክዳን ሆኗል።

የቀረው አንድ መንገድ ነበር፤ ባላጋራን ማጥናት። ምን ይወዳል፣ ምን ይፈራል፣ መቼ ያጎነብሳል። አቶ እሺ በዚህ ሥራ ራሱንም አስገረመ። ሲያዩት አንገቱን ደፍቶ የሚሰፋ ሰው ነው፤ ማን ይጠረጥረዋል? ከስፌት መኪናው ላይ ሆኖ የገዛ ወንድሙን ልክ እንደ ባዕድ ሰው ያየው ጀመር። ያየውም ነገር ብዙ ነበር።

ታላቁ «ክር አስገባልኝ» ማለት ከጀመረ ሰንብቷል። ምክንያት አያጣም፤ አንድ ቀን እጄን ቅባት ነክቶታል፣ ሌላ ቀን ጣቴን ወግቶኛል፣ ሌላ ቀን ስልክ ልመልስ ነው። ጨርቅ ሲቆርጥ ጠረጴዛውን ወደ በሩ ይገፋል፤ ለአየር ነው ይላል። ልክ ሲወስድ ሜትሩን ክንዱ እስከቻለ ዘርግቶ፣ አገጩን ወደ ኋላ ስቦ ያየዋል፤ ሜትሩን የተቀየመው ነው የሚመስለው። ከዚያ ደንበኛውን «ወገብህ ስንት ነበር ያልከኝ?» ብሎ ይጠይቃል። ደንበኛው ጥንቃቄ ይመስለዋል።

አንድ ጠዋት ታላቁ መርፌ በሩቅ ይዞ ክር ሊያስገባ ሲታገል፣ አቶ እሺ ሜትሩን ከአንገቱ አውጥቶ ከጎኑ ደረሰና ከአፍንጫው እስከ መርፌው ለካ።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለ ታላቁ።

«ኮት ልሰፋልህ አስቤ፣ የእጅጌ ልክ እየወሰድኩ ነው።»

«የእጅጌ ልክ ከአፍንጫ ነው እንዴ የሚጀመረው?»

«አዲስ ፋሽን ነው።»

ታላቁ ፋሽን ላይ አስተያየት አይሰጥም። «እንካ፣ ክር አስገባልኝ» አለና መርፌውን ሰጠው።

አቶ እሺ ልኩን በጭንቅላቱ ይዞ መኪናው ላይ ተመለሰ። ነገሩ ገባው። ወንድሙ ከቅርብ አያይም። ሱቁን የሚለቀው ሰልችቶት አይደለም፣ አርጅቶም አይደለም። ከሌላ ሰፈር ድረስ ሰው የሚመጣው «የእሱ መቀስ አይስትም» ተብሎ ነው። መቀሱ ሳይስት በፊት በክብሩ ሊዘጋው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን መነጽር ይገዛል። ይህ ሰው ግን አላይም ከማለት ሱቅ ይሸጣል።

የባላጋራውን ድካም ያገኘ የጦር ሰው ደስ ይለዋል። አቶ እሺ ሆዱ ባባ። ቢሆንም ስልት ስልት ነው ብሎ ወሬውን በሆዱ ያዘ፤ ለሚስቱም አልነገራት። ይህን መሣሪያ የሚያወጣበት ቀን ነው የቀረው።

በዚያው ሰሞን የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ለተማሪዎቹ ምረቃ ጥቁር ሱፍ አዘዙ። ሱፍ ፊትና ጀርባ አለው። ልዩነቱ ለሌላ ሰው አይታይም፤ ልብስ ሰፊ ደግሞ ሽመናውን ቀረብ ብሎ ካላየ ይሳሳታል። ስለዚህ ታላቁ ቆርጦ ሲጨርስ በየቁራጩ ጀርባ ላይ በጠመኔ የኤክስ ምልክት ያደርጋል፤ ታናሹ ምልክቱን ወደ ውስጥ አድርጎ ይሰፋል። አይነጋገሩም፣ አይጠያየቁም። ሱቁ ከአባታቸው ጊዜ ጀምሮ የሚሠራው እንዲህ ነው።

አቶ እሺ የሱሪውን ቀኝ እግር ሲያነሳ ጣቱ ቆመ። ምልክቱ የተደረገው ፊቱ ላይ ነው። አገላብጦ አየው፤ ጥርጥር የለውም።

«ጋሼ» አለ።

«ምነው?»

ሱቁ ውስጥ ሁለት ደንበኞች ቆመዋል። ታላቁ ጠዋት ነውና አልደከመውም፤ ከጠረጴዛው ጀርባ፣ በራሱ መሬት ላይ ነው። ምልክቱ ተገልብጧል ማለት አታይም ማለት ነው፤ አታይም ማለት ደግሞ ጦርነቱ ዛሬ ነው ማለት ነው። መጽሐፉ በዚህ ላይ የማያሻማ ነው። ቀኑ ዛሬ አይደለም።

«ምንም» አለ አቶ እሺ። ጋሼ ምልክት ካደረገ አደረገ ነው። ምልክቱን ወደ ውስጥ አድርጎ ሰፋው። ያኔ ቢናገር ገና ሳይሰፋ የሚመለስ ነገር ነበር።

ርዕሰ መምህሩ ሱሪውን ሱቁ ውስጥ ለክተው፣ መስታወት ፊት ዞር ዞር ብለው፣ ደስ ብሏቸው ሄዱ። የሱቁ ብርሃን ደብዛዛ ነው፤ ሁለቱም እግሮች ጥቁር ናቸው። ምረቃው ግን ሜዳ ላይ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ነበር።

በማግስቱ መጡ። ለማስረጃ ለብሰውት ነው የመጡት። ከሱቁ በር ውጭ፣ ፀሐዩ ላይ ቆሙና «እስቲ ኑ ውጡ» አሉ። ወጡ። ሞባይል ሻጩም ከጎን ካለው ሱቁ ብቅ ብሎ እጁን አጣምሮ ቆመ።

«ግራ እግሬ ያበራል» አሉ ርዕሰ መምህሩ፣ በእርጋታ። «ቀኝ እግሬ አያበራም። ስለ አርቆ አሳቢነት ንግግር እያደረግሁ ነበር። ተማሪው ሁሉ እግሬን ያያል፣ ወላጆቻቸው እግሬን ያያሉ። ባለቤቴ ከፊት ወንበር ሆና ተቀመጥ፣ ተቀመጥ እያለች በእጇ ምልክት ትሰጠኛለች። አንዱ እግር የሌላ ሰው ነው እንዴ?»

ታላቁ ጎንበስ ብሎ ሱሪውን ሊያይ ሞከረ። ቀረበ፤ ራቀ፤ እንደገና ቀረበ። ፊቱ አመድ መሰለ። ቀስ ብሎ ቀና አለና ወደ ሱቁ ገባ፤ ጠረጴዛውን ተደገፈ። ሌሎቹም ተከትለው ገቡ። አቶ እሺ እንደ ልማዱ እስከ መኪናው ድረስ ሄዶ ከኋላው ቆመ።

«ይህን ማን ነው የቆረጠው? ማን ነው ምልክት ያደረገው?» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

ቀኑ ይህ ነበር። አዛዡ ራሱ ከዚያ ከጥንት ዘመኑ ተነስቶ ቢመጣ ከዚህ የተሻለ ቀን አይመርጥለትም። ጠላት ደክሟል፣ ተከብቧል፣ ምስክር ሞልቷል። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ጋሼ አያይም። ይህን ካለ መቀሱ የእሱ ነው፣ ጠረጴዛው የእሱ ነው፤ ዓይኑ የማያይ ቆራጭ ሱቅ ልሽጥ ልለውጥ ቢል ማን ይሰማዋል? አቶ እሺ አፉን ከፈተ። ከፍቶም የመጽሐፉ ሌላ ገጽ ትዝ አለው፤ የተከበበን ሰው በአንድ በኩል መውጫ ተዉለት የሚል። ሲያነበው ለጠላት የማዘን ነገር መስሎት አልፎት ነበር። አሁን ግን ከጠረጴዛው ጀርባ የቆመው ሰው መውጫ ሲፈልግ አየው፤ በየት ብሎ ይውጣ? ያ ሰው ደግሞ ያሳደገው ሰው ነው።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ርዕሰ መምህር» አለ። «ጋሼ ምልክቱን በትክክል ነው ያደረገው። እኔ ነኝ ገልብጬ የሰፋሁት። ከቅርብ አላይ ካልኩ ቆየሁ። ዓይኔ ነው።»

ታላቁ ዞሮ አየው። ብዙ አየው። ይህ ሰው ክርና መርፌ አያይም እንጂ ከሩቅ አጥርቶ ያያል፤ አቶ እሺ ደግሞ ከመኪናው ኋላ ሆኖ በቂ ርቀት ላይ ነበር። ታላቁ የታናሹ ፊት ላይ ያለውን ሁሉ አነበበው።

ከዚያ ታላቁ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዓይንህ ካላየ ለምን አትናገርም?» አለ።

«አፈርኩ።»

«ምኑ ነው የሚያሳፍረው? ዓይን ነው። የሰው ዓይን ይደክማል። ደብቀህ ደብቀህ ይኸው የሰው እግር ገልብጠህ አረፍከው።»

«እሺ ጋሼ።»

«ኩራት ነው ይሄ። ባዶ ኩራት። ሰው እንዴት ለወንድሙ አይናገርም? ወንድም ምን ይሠራል ታዲያ?» ወደ ካውያው ዞረ። ካውያው አልተሰካም ነበር፤ ቢሆንም ሱሪ ላይ አስኬደው። «ነገ ሄደህ መነጽር ታሠራለህ።»

«እሺ ጋሼ።»

ቁጣው እስከ ምሳ ሰዓት ቀጠለ። ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው አዘኑና «ይብቃዎት፣ ሰው ነው» እስከማለት ደረሱ። ከተረፈው ጨርቅ አዲስ እግር ሊቆረጥላቸው ስምምነት ተደርጎ፣ ሱሪውን በከረጢት ትተው ሄዱ። ሞባይል ሻጩ ወሬውን ለሰፈሩ አደለ። ምሽት ላይ አቶ እሺ ወደ ቤቱ ሲሄድ የሰፈሩ ሰው «ዓይንህን ምን አገኘው?» ይለዋል፤ አንዲት ሴት ክንዱን ይዛ መንገድ አሻገረችው። እሺ ብሎ ተሻገረ።

«ሰማሁ» አለች ሚስቱ። «አይሆንም አልከው?»

«አላልኩትም።»

«ታዲያ ምን አልከው?»

«አላይም አልኩት።»

ሚስቱ ጠጋ ብላ ዓይኑን አየችው። ያ ዓይን አልጋ ሥር የወደቀ መርፌ የሚያይ ዓይን ነው። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ነገራት። ጎሽ አላለችም። «ለጋሼ ራስ የሚሆነውን መርጠህ ግዛ» አለችው።

በማግስቱ መነጽር ቤት ገባ። ባለሙያዋ ወንበር ላይ አስቀምጣ ፊደሎቹን አሳየችው። የመጨረሻውን መስመር አነበበላት። ከመስመሩ በታች፣ ጥግ ላይ በደቃቅ የተጻፈውን የማተሚያ ቤቱን አድራሻም ጨምሮ አነበበላት።

«ዓይንዎ ጤነኛ ነው» አለችው።

«መርፌ አያይም።» ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋ፤ ጫፉን አፍንጫው ላይ አድርጎ ሌላውን ጫፍ በጣቱ ያዘላት። «እዚህ ድረስ ካልራቀ አያይም። እዚህም ሆኖ ዓይኑን ያጨናብሳል።»

«ማን?»

«እኔ።»

«አሁን አድራሻ አነበቡልኝ እኮ።»

«አንዳንዴ ነው።»

ባለሙያዋ ብዙ ዓይነት ሰው አይታለች መሰለኝ፣ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይሄ አንዳንዴ የማያየው ሰውዬ ዕድሜው ስንት ይሆናል?» አለች። የታላቁን ዕድሜ ነገራት፤ ለዚያ ዕድሜ የሚሆነውን የቅርብ ማያ መስታወት መረጠች። መደርደሪያው ላይ የነበሩትን ፍሬሞች አንድ በአንድ እያነሳ ከጆሮ እስከ ጆሮ በሜትር ለካ፤ አንዱን መረጠ። ሲያደርገው አፍንጫው ላይ ተንሸራቶ ከንፈሩ ጋ ደረሰ።

«በጣም ሰፍቶዎታል።»

«ልኬ ነው» አለ አቶ እሺ።

«እንግዲያው ይውሰዱት» አለች። «ያ ሰውዬ ግን አንዴ ራሱ ይምጣ። ዓይን በሜትር አይለካም።»

የወሩ መጀመሪያ ሲደርስ ሞባይል ሻጩ ውሉን በላስቲክ ይዞ መጣ። አቶ እሺ መኪናው ላይ ተቀምጧል፤ መነጽሩን አድርጓል። በዚያ መነጽር የሚያየው ነገር ሁሉ ውሃ ውስጥ ያለ ይመስላል፤ ሦስት ጊዜ ጣቱን ወግቷል። ስልቱ እዚህ ድረስ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ገጽ አላገኘውም። አሁን ታላቁ ከፈረመ ሱቁም አለቀ፣ እሱም በማያውቀው ሰው ሱቅ ዓይነ ስውር ሰፊ ሆኖ ቀረ።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ነው የሚፈርሙት» አለ ሞባይል ሻጩ፣ እስክሪብቶውን እያቀበለ።

«ሳላነብ አልፈርምም» አለ ታላቁ። ወደ ኋላ ዞር አለ። «እስቲ ያንን መነጽርህን አምጣው። ምን ዓይነት ነገር እንዳሸከሙህ ልየው።»

አቶ እሺ አውልቆ ሰጠው። ታላቁ አደረገው። ሳይንሸራተት ጆሮው ላይ ቁጭ አለ። ውሉን አነሳና አነበበ፤ ክንዱን ሳይዘረጋ፣ አገጩን ሳይስብ። ጨርሶ አስቀመጠው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጨርቅ አየ፣ ጠመኔውን አየ፣ ሜትሩን አንስቶ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አየ፣ የገዛ እጁን መዳፉንና ጀርባውን አየ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሞባይል ሻጩ እስክሪብቶውን ዘርግቶ ቆሟል።

«አልፈርምም» አለ ታላቁ።

«ተስማምተን ነበር እኮ ጋሼ።»

«ያኔ የወንድሜን ነገር አላወቅኩም። ይኸው ዓይኑ እንዲህ ሆኗል። ማን ጋ ጥዬው ልሂድ? ከጎኑ ካልቆምኩ የሰው እግር እየገለበጠ ሲሰፋ ሊኖር ነው።»

ሞባይል ሻጩ አቶ እሺን አየው። አቶ እሺ በተቻለው መጠን የማያይ ሰው መሰለ። ውሉ ወደ ላስቲኩ ተመለሰ፤ ሰውዬውም ወደ ሱቁ።

ወንድማማቾቹ ብቻቸውን ቀሩ። ታላቁ መነጽሩን አላወለቀም።

«ላንተ ሰፍቶሃል» አለ።

«አዎ፣ ይሰፋኛል።»

«ለኔ ልክ ነው።»

«ሊሆን ይችላል።»

ታላቁ የጠረጴዛውን ጠርዝ ሲያሻሽ ቆየ። «ሱሪውን ስትሰፋ «ጋሼ» ብለህ ጠርተኸኝ ነበር» አለ። «ምነው ስልህ ምንም አልክ። ምን ልትል ነበር?»

«ረሳሁት።»

«በሚቀጥለው ጊዜ እንዳትረሳ።»

«እሺ ጋሼ።»

ታላቁ ከመርፌ መሰኪያ ትራሱ ላይ አንድ መርፌ ነቀለ። ጥቁር ክር ቆረጠ፣ ጫፉን በምላሱ አራሰ፣ መርፌውን ደረቱ ጋ አቅርቦ ያዘ። ክሩ በመጀመሪያው ገባ። መርፌውን ወደ ብርሃን አንስቶ፣ የገባው ሌላ ሰው ያስገባለት ይመስል፣ ቆሞ አየው። ከዚያ ጠረጴዛውን ዞሮ እስከ ስፌት መኪናው ድረስ መጣና ለታናሹ ዘረጋለት።

«እንካ» አለ። «አንተ አታይም። ከእንግዲህ ክር ሲያስፈልግህ እኔን ጥራኝ።»

አቶ እሺ መርፌውን ተቀበለ። አሁን በእውነትም በደንብ አይታየውም ነበር፤ ዓይኑ ሞልቶ ነበር።

«እሺ ጋሼ» አለ።